«አብኖርማሊቲ» ማለት ምን ማለት ነው? የሕፃኑ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቤተሰቡን አስጨንቋል

ጠያቂ (ከቢቸና)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እህቴ በሰላም ተገላግላለች፤ ወንድ ልጅ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። ግን ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል። መርገጫው ጎንና ጎን ሆኖ እርስ በርሱ ይተያያል። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልን። ሰው ስለበዛ ግን ማብራሪያ ሳናገኝ ወጣን።

ቤት ገብተን ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ኮንጀኒታል አብኖርማሊቲ» ይላል። ከሥሩ «ባይላተራል ሲቲኢቪ» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ «አብኖርማል» የሚለውን ቃል ስትሰማ «አእምሮው ልክ አይደለም ማለታቸው ነው» ብላ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታለቅሳለች። ጎረቤቱ ደግሞ ግማሹ «እርግማን ነው»፣ ግማሹ «እርጉዝ ሆና ምን አይታ ይሆን» ይላል። እህቴ አራስ ቤት ተኝታ ይህን ሁሉ ትሰማለች።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? ከየት የመጣ ነው? ለእናቴ በምን አማርኛ ላስረዳት? ልጁስ ይድናል ወይ? «ክርስትናው በ40 ቀኑ ይነሣና ከዚያ በኋላ ይታከማል» የሚሉ አሉ፤ መጠበቅ እንችላለን?

ነርስ (ባሕር ዳር)

እንኳን ማርያም ማረቻት! የቃሉን ነገር ለመምህራኑ ልተወውና ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። አትጠብቁ። ይህ ሕክምና በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጀመር ነው በጣም የሚቀለው። የሕፃን ጅማት ገና ለስላሳ ነው፣ በእጅ ሲገፉት ይታዘዛል። አድጎም ይታከማል፤ ግን ለምን ይከብድበት?

«ሲቲኢቪ» የተባለው እኛ በአማርኛ ቆልማማ እግር የምንለው ነው። ከ1000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይዞት ይወለዳል። በወንዶች ላይ ከሴቶች እጥፍ ያህል ይበዛል። እንደ እናንተው ልጅ ሁለቱም እግር ላይ የሚሆንባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው። ስለዚህ የእናንተ ቤት ብቻ የመጣ ጉድ አይደለም።

አእምሮን በተመለከተ ለእናትህ ዛሬውኑ ንገራት። የተጻፈው ስለ እግሩ ነው። አብዛኞቹ ቆልማማ እግር ያላቸው ልጆች ሌላ ምንም የለባቸውም። ሆስፒታል ስትደርሱ ባለሙያው ጀርባውንና የዳሌውን መገጣጠሚያ ጨምሮ ሙሉ አካሉን ያያል። ያ የተለመደ ምርመራ ነውና አያስደንግጣችሁ።

ለአራሷም ይህን በሉልኝ፦ የበላሽው፣ ያየሽው፣ የተሸከምሽው ነገር አይደለም ያመጣው። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ምክንያቱ ይሄ ነው ተብሎ አይታወቅም። በቤተሰብ ውስጥ ካለ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በተረፈ እናት የምትወቀስበት ነገር የለም።

የእንግሊዝኛ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ ቃሉን እኔ ልያዘው። ይህን ቃል ተማሪዎቼ እንደ ስድብ ሲጠቀሙበት ስለምሰማ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ትንሽ ባስረዝም ይቅር በሉኝ።

«አብኖርማሊቲ»ን በሦስት ቁረጠው። «አብ» በላቲን «ከዚህ የራቀ፣ ከዚህ የወጣ» ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ኢቲ» የሁኔታ ስም ማውጫ ነው፤ እኛ «ደግ» ብለን «ደግነት» እንደምንለው። ዋናው መሐል ያለው ነው፤ «ኖርማ»። በላቲን ኖርማ የአናጺ መሣሪያ ናት። ግንበኞችና አናጺዎች ማዕዘን የሚያስተካክሉባት፣ ስኳድራ የምንላት። ሮማውያን ከዚያ ተነሥተው ደንብን፣ ሥርዓትን፣ ልክን ሁሉ ኖርማ አሉት።

«ኖርማል» ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «በስኳድራ የተለካ፣ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው» ማለት ነበር። «የተለመደ» የሚለው ትርጉም የገነነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሒሳብ ተማሪ ካለ ያውቀዋል፤ ለአንድ ገጽ ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ የሚቆመው መስመር እስከ ዛሬ «ኖርማል» ነው የሚባለው። የድሮው ትርጉም እዚያ ተርፏል።

የ«አብኖርማል» መንገድ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው። መነሻው ግሪክ ነው። በግሪክ «ሆማሎስ» ደልዳላ፣ እኩል ማለት ነው። «አን» የሚለው አፍራሽ ሲጨመርበት «አኖማሎስ» ይሆናል፤ ያልደለደለ፣ ወጣ ገባ። በሌሎች የሕክምና ወረቀቶች ላይ የሚታየው ተመሳሳይ ቃል፣ «አኖማሊ»፣ በቀጥታ የዚህ ልጅ ነው። በመካከለኛው ዘመን ላቲን የሚጽፉ ሰዎች ይህን የግሪክ ቃል ከራሳቸው «ኖርማ» ጋር አደባለቁትና «አኖርማሉስ» አሉ። ከዚያ ፈረንሳይኛው «አኖርማል» መጣ። እንግሊዞች ደግሞ በላቲኑ «አብ» አስመስለው «አብኖርማል» አደረጉት። በእንግሊዝኛ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ቃሉ መለኪያ ይዞ ነው የሚናገረው። «ከተለመደው ልክ ወጣ ብሏል» ይላል፤ በምን ያህል ወጣ፣ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም፣ ይስተካከላል ወይስ አይስተካከልም፣ ይህን ቃሉ አይነግርህም። ለዚያ ነው ከጎኑ ያለውን ቃል ማንበብ ያለብህ።

እሱንም ልጨርስልህ። «ኮንጀኒታል» በላቲን «አብሮ የተወለደ» ነው። «ባይላተራል» «ባለ ሁለት ጎን» ነው፣ ማለትም ቀኝም ግራም። «ሲቲኢቪ» የአራት ቃላት መነሻ ፊደል ነው። ሲ ያው ኮንጀኒታል ነው። ቲ «ታሊፔስ» ነው፤ ቁርጭምጭሚትና እግር የሚሉ ሁለት የላቲን ቃላት ተጣብቀው። ኢ «ኢኳይኖ» ነው፣ ፈረስ ከሚለው ቃል፤ ፈረስ በጣቱ ጫፍ እንደሚቆም የልጁም ጣት ወደ ታች ማመልከቱን ነው የሚናገረው። ቪ «ቫረስ» ነው፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ። ሙሉው ዓረፍተ ነገር እንግዲህ «አብሮት የተወለደ፣ በሁለቱም ጎን፣ ወደ ታችና ወደ ውስጥ የዞረ እግር» ነው። ከዚህ ውስጥ አንዲትም ቃል ስለ አእምሮ አትናገርም።

አናጺ (ፍኖተ ሰላም)

መምህር እግዜር ይስጥልን። ዕድሜዬን ሙሉ በስኳድራ ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር።

እኛ በር ስንገጥም ስኳድራውን አስጠግተን «ወጥቷል» ወይም «ገብቷል» እንላለን። ማንም አናጺ «ወጥቷል» ሲል እንጨቱን እየሰደበ አይደለም። የት ላይ እንደሚነካ እየተናገረ ነው። ወንድሜ፣ ለእናትህ እንዲያው «ባለሙያዎቹ ለክተው ነው የጻፉት» በላት።

የቅኔ ተማሪ (ዲማ)

የአማርኛውን ነገር በተመለከተ አንድ ቃል ላክል። አንዳንድ ሰው አብኖርማሊቲን «ጉድለት» ወይም «እንከን» ብሎ ይተረጉመዋል። ስለ በግ ወይም ስለ ዕቃ ከሆነ ይሁን። በኦሪት ለመሥዋዕት የሚቀርበው ጠቦት «ነውር የሌለበት» ይሁን ተብሏል፤ እዚያ ነውር ማለት በአካሉ ላይ ያለ እንከን ነው። ዛሬ ግን ነውር ስትል ሰው የሚሰማው ኃፍረት ነው። አካልን የሚገልጸው ቃል ወደ ኃፍረት ሄደ። እንዲህ ያለ ቃል አራስ ቤት ውስጥ አይገባም።

እኔ ብሆን ለእናትህ የምላት ይህን ነው፦ «እግሩ ዞሮ ነው የተወለደ፤ ይቃናል።» «ይቃናል» የሚለውን ቃል አትርሳ። ባላገር የሚገባው እሱ ነው፣ እውነትም እሱ ነው።

እናት (ዳንግላ)

ወንድሜ፣ ለእህትህ ይህን አንብብላት። የኔ ልጅ ቀኝ እግሯ እንዲሁ ሆና ነው የተወለደች። ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታ ገመድ ትዘላለች። ሰው የትኛው እግሯ እንደነበር አይለይም።

ሕክምናው ጄሶ ነው። ከጣቷ እስከ ጭኗ ድረስ፣ ጉልበቷን አጥፈው ያስሩታል። ባለሙያው መጀመሪያ እግሯን በእጁ ቀስ እያደረገ ያሻሽላል፣ ከዚያ በደረሰበት ልክ በጄሶ ይይዘዋል። በሳምንቱ ፈትቶ እንደገና ትንሽ ያቃናል፣ እንደገና ያስራል። በሁለተኛው ጄሶ ላይ ልዩነቱን በዓይኔ አየሁት። ያን ቀን ነው ማልቀስ ያቆምኩት።

ከሁሉ የከበደኝ ጫማው ነው። ጄሶው ሲያልቅ ሁለት ጫማ በአንድ ብረት የተያያዘ ይሰጧችኋል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አላስተኛችንም። ልጅቷ አንዱን እግር ብቻ ልታነሣ ትሞክራለች፣ አይሆንላትም፣ ትናደዳለች። ሁለቱን እግሮቿን በአንድ ላይ ይዤ እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ተጫወትኩላት። ሁለቱን አብሮ ማንሣት እንደሚቻል ሲገባት ዝም አለች። ሌላው፣ ስትጠባ በብረቱ ደረቴን ትመታኝ ነበር። የነጠላ ቁራጭ ደራርቤ ብረቱ ላይ ጠመጠምኩበት።

ጎረቤት «ብረት አስረሽባት ሽባ ታደርጊያታለሽ» ሲለኝ ፈትቼ ልጥለው የተነሣሁበት ጊዜ አለ። ባለቤቴ ነው ያስቆመኝ። እህትህ ብቻዋን እንዳትሆን። ጫማውን ማሰሩን አንተም፣ አባቱም ልመዱት።

ጠያቂ (ከቢቸና)

የዳንግላዋ እናት፣ መልእክትሽን ለእህቴ ቃል በቃል አነበብኩላት። «ገመድ ትዘላለች» የሚለውን ሁለቴ አስደገመችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን የቀረኝ የክርስትናው ነገር ነው። ጄሶው እስከ ጭኑ ከሆነ እንዴት ይጠመቃል? ውሃ ነክቶት አይበላሽም? ቤተሰቡ በ40 ቀኑ ካልሆነ አይሆንም ብሏል፣ እኔም ልጋፋቸው አልፈልግም።

ነርስ (ባሕር ዳር)

ጥያቄህ ጥሩ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳይጠይቅ ቀርቶ ወይ ሕክምናውን ያቋርጣል ወይ ጄሶውን ያረጥበዋል። ጄሶ ውሃ አይወድም። ከረጠበ ይላላል፣ የያዘውን እግር ይለቃል፣ ቆዳውንም ይልጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጄሶው በየሳምንቱ ይቀየራል ብለናል አይደል? እንግዲህ በመጀመሪያው ቀጠሮ 40 ቀኑ መቼ እንደሚሆን ለባለሙያው ንገሩት። ቅያሪው ከዚያ ቀን ጋር እንዲገጥም ይታሰብበታል፤ ይፈታል፣ ልጁ ይጠመቃል፣ ወዲያው ቶሎ ይታሰራል። ብዙ ቀን ግን ሳይታሰር አይቆይ፤ የተቃናው ተመልሶ ይዞራል። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተመካከሩ። ሁኔታውን ሲሰሙ የሚረዷችሁ ይመስለኛል።

አንድ ጄሶ ብቻ ለክርስትናም አይፈታም፤ የመጨረሻው። ስለ እሱ ላስረዳ። ሕክምናው ፖንሴቲ ይባላል፤ በስፔን ተወልደው በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሠሩት ሐኪም በኢግናሲዮ ፖንሴቲ ስም። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው ያዳበሩት። ከዚያ በፊት እግሩ በትልቅ ቀዶ ሕክምና ይከፈት ነበር፣ ልጆቹም ሲያድጉ እግራቸው ይደርቅና ያማቸው ነበር። በፖንሴቲ ግን አብዛኛው ሥራ በእጅና በጄሶ ያልቃል። ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ተረከዙ አልወርድ ካለ፣ ይህም በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ይሆናል፣ ከተረከዝ በላይ ያለችው ጅማት በማደንዘዣ በጣም በትንሽ ቀዳዳ ትቆረጣለች። መስፋትም አያስፈልጋትም። ከዚያ የሚታሰረው ጄሶ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ጅማቷ በዚያ ጊዜ ረዝማ ትገጥማለች። እሱ እንዳይነካ።

ጄሶው ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን በየጊዜው እዩ። ሞቅ ያሉና ቀላ ያሉ መሆን አለባቸው። ጫን ብላችሁ ስትለቁት ነጭ የሆነው ቦታ ቶሎ ቀለሙ ይመለሳል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ካበጡ ወይም ወደ ጄሶው ውስጥ ገብተው ካልታዩ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሆስፒታሉ ከራቀ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሮጡ። መንገድ ተዘግቶ የትም መድረስ ካልቻላችሁ፣ ጄሶውን በሞቅ ያለ ውሃ አርሳችሁ ጫፉን ፈልጋችሁ ፍቱት። በቢላ አትንኩት።

ነዋሪ (ሞጣ)

ወንድሜ፣ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የምትመጡ ከሆነ የጤና መድህን መታወቂያችሁንና የሪፈር ወረቀቱን በእጃችሁ ያዙ። ሪፈር ሳይኖር በቀጥታ ከሄዳችሁ ወጪው በራሳችሁ ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ አዲስ ስለሆነ በአባልነቱ እንዴት እንደሚካተት እዚያው ወረዳችሁ መድህን ክፍል ጠይቁ። ወረቀቱንም ፎቶ አንሡት፣ ይጠፋል።

ነርስ (ባሕር ዳር)

ልክ ብለዋል። ሁሉም ሆስፒታል ይህን ሕክምና በየቀኑ አይሰጥም። ከመነሣታችሁ በፊት ደውላችሁ «የቆልማማ እግር ክሊኒክ የሚሠራው በየትኛው ቀን ነው» በሉ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ፤ እነሱን ጠይቁ። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም ይህን ይሠራል። ግን በየሳምንቱ መመላለስ ስላለ የሚቀርበው ይሻላል።

አዲስ አባል (ደብረ ማርቆስ)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ብዙ ካልራቅኩ። የእናቴ የደም ምርመራ ወረቀት ላይም «አብኖርማል» የሚል አለ። ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ምልክት ተደርጎባቸዋል። እሷ ግን ምንም አይሰማትም። የዚያኛው ቃል ትርጉም ይሄው ነው?

የላብራቶሪ ባለሙያ (እንጅባራ)

ቃሉ ያው ነው፣ ልኬቱ ግን ሌላ ነው። በወረቀቱ ላይ ከውጤቱ ጎን ከዚህ እስከዚህ የሚል ቁጥር አለ። ያ ክልል የሚወጣው ጤነኛ ሰዎችን መርምሮ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጤነኞቹ 95 በመቶው የሚገኙበት ክልል ተወስዶ «ኖርማል» ይባላል። ይህ ማለት ከመቶ ጤነኛ ሰው አምስቱ ምንም ሳይሆኑ ከክልሉ ውጭ ይገኛሉ። ብዙ ዓይነት ምርመራ ከተደረገ ደግሞ አንዱ ትንሽ መውጣቱ አይገርምም።

ልኩ በቦታም ይለያያል። ሄሞግሎቢንን ውሰድ፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2400 ሜትር በላይ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ደም ይህን ለማካካስ ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ደም ማነስን ለመለየት በሚያወጣው መለኪያ ላይ የቦታውን ከፍታ ያስባል። ስለዚህ ለቆላ ሰው በቂ የሆነ ቁጥር ለደጋ ሰው ያንስ ይሆናል።

ይህን ስል ግን ወረቀቱን ጣሉት እያልኩ አይደለም። ሰው ምንም ሳይሰማው ስኳር ሊይዘው፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። የታዘዘው ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ሐኪም ስለሆነ ውጤቱን ይዛችሁ ተመለሱ። «የትኛው ቁጥር ነው የወጣው? በምን ያህል? መደገም አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጠያቂ (ከቢቸና)

እናቴ አሁን ተረጋግታለች። «እግሩ ዞሮ ነው የተወለደ፣ ይቃናል» አልኳት። «ታዲያ ይህን ብለው ቢጽፉት ምን ነበረበት?» አለችኝ። ለባለሙያዎች አንድ ነገር ልለምን፤ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ጻፉት፣ ግድ የለም፣ ግን ሰውዬው ከበር ሳይወጣ አንዲት መስመር በአማርኛ ንገሩት።

ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ቀኑን ነግረውናል። አባቱና እኔ ይዘነው እንሄዳለን። እህቴም እየጠባ ስለሆነ አብራን ትመጣለች። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ጫማውን ስንት ጊዜ ነው የሚያደርገው?

ነርስ (ባሕር ዳር)

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት። የምትቀረዋ አንድ ሰዓት ለመታጠቢያና ለመንፈራገጫ ናት። ከዚያ በኋላ ማታ ሲተኛና ቀን ሲያሸልብ ብቻ፣ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው። እግሩ ቀጥ ብሎ ስታዩት «ድኗል» ብላችሁ እንዳታወልቁት። ተመልሶ የሚዞርባቸው ልጆች አብዛኞቹ ጫማው ቶሎ የተተወባቸው ናቸው። ተረከዙ ወደ ታች ገብቶ ጫማው ውስጥ መቀመጡን አረጋግጡ፣ ከሥሩ የጥጥ ካልሲ አድርጉለት። ቆዳው ከቀላና መቅላቱ ካልለቀቀ ደውሉ። እግሩ ሲያድግ ጫማው ስለሚጠብበት ቅያሪውን ከክሊኒኩ ጠይቁ።

ለጉዞው አንቀልባ ያዙ። የመጀመሪያው ቀን ጄሶ ከባድ ነው፣ እስኪደርቅም ሰዓታት ይፈጃል፤ በዚያን ጊዜ ጠንካራ ነገር ላይ አታስደግፉት። ልጁ ሲታሰር ጡት እየጠባ ቢሆን ብዙም አያለቅስም፣ ስለዚህ እናቱ ከአጠገቡ አትራቅ።

እናት (ዳንግላ)

ሰፊ ሱሪ ወይም ቀሚስ መሰል ልብስም ያዙለት። ጠባቡ በጄሶ ላይ አያልፍም።